አንቲቫይረስ ልግዛ ወይ ላልሺኝ

ልጄ፣ ያገለገለውን ላፕቶፕ የገዛሽ ዕለት ማታ ደውለሽ የጠየቅሺኝን ያኔውኑ መልሼልሽ ነበር፤ ግን ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ግማሹን ሳትሰሚው ቀረ። ሻጩ «አንቲቫይረስ ካልተጫነበት ሳምንት አይቆይልሽም፤ በስምንት መቶ ብር ኦሪጅናሉን እጭንልሻለሁ» ብሎሻል። አንቺም «ጋሼ፣ ልክፈለው ወይስ ይቅር?» አልሺኝ። ይቅር። ስምንት መቶ ብሩን ያዢው፤ ምን እንደምታደርጊበት ወደ መጨረሻው እነግርሻለሁ።

እንደምታውቂው ደብረ ታቦር መናኸሪያው አጠገብ አሥራ ሰባት ዓመት ኮምፒውተር ስጠግን ኖሬ ነው ሱቄን ዘግቼ እዚህ ጋፋት ድንች መኮትኮት የጀመርኩት። በዚያ ሁሉ ዘመን በሬን አንኳኩቶ ከገባው ኮምፒውተር አብዛኛው «ቫይረስ ገብቶበታል» እየተባለ የመጣ ነው። ምክሬን በቁጥር ያደረግሁት ደግመሽ ስትደውዪ «ሦስተኛውን አንብቢ» ብዬ ወደ ድንቼ ለመመለስ እንዲመቸኝ ነው።

1ኛ። ዘበኛ ከመቅጠርሽ በፊት ግቢው ውስጥ ያለውን ዘበኛ እዪ።

ላፕቶፕሽ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 የተጫነበት ከሆነ አንቲቫይረስ አለው። ስሙ ዲፌንደር ነው፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ፣ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ማለት ነው፣ አብሮ ይሰጠዋል። ክፍያ የለው፣ ቁልፍ የለው፣ ጊዜው አልፏል ብሎ አይጨቀጭቅሽ። ማግደቡርግ የሚባል የጀርመን ከተማ ውስጥ አቪ ቴስት የሚሉት ቤተ ሙከራ አለ፤ ሥራው አንቲቫይረሶችን በእውነተኛ ቫይረስ እየፈተኑ ነጥብ መስጠት ነው። ዲፌንደር ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዚያ ፈተና በመከላከል በኩል ደጋግሞ ከስድስት ስድስት አግኝቷል። በብር ከሚሸጡት ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

ሻጩ ግን ሙሉ በሙሉ ዋሽቶሻል አልልም። እሱ የሚያወራው የድሮውን ነው። በዊንዶውስ ኤክስፒና በዊንዶውስ 7 ዘመን ኮምፒውተር ሲገዛ ባዶ እጁን ነበር የሚመጣው። ያኔ አንቲቫይረስ ሳይጭን ኢንተርኔት ቤት የከፈተ ሰው በሩን ሳይገጥም እህሉን ጎተራ የከተተ ገበሬ ነበር። ምክሩ ያኔ ልክ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ሲለወጥ ምክሩ ሳይለወጥ ቀረ።

አሁን ላፕቶፑን ክፈቺና የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭነሽ «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» ብለሽ ፈልጊ። የጋሻ ምልክት ይመጣል። በአረንጓዴ ክብ ውስጥ የራይት ምልክት ካየሽ ዘበኛው ነቅቷል። ቀይ ወይም ቢጫ ካየሽ፣ ወይም «ሌላ አንቲቫይረስ ሥራውን ይዞታል» የሚል ካነበብሽ፣ የቀድሞው ባለቤት አንድ ነገር ጭኖበት ይሆናል። ዲፌንደር ሌላ አንቲቫይረስ ሲገባ ቦታውን ለቆ ወደ ጥግ ይቆማል፤ ሁለት ዘበኛ አንድ በር ላይ ስለማይስማማ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ የማገኘው የሙከራ ጊዜው ካለፈ ሁለት ዓመት የሆነው አንቲቫይረስ ነው። አራግፊው፣ ኮምፒውተሩን አጥፍተሽ አስነሺው፣ አረንጓዴውን እንደገና እዪ።

2ኛ። ዘበኛውን በእጅሽ አታስተኚው።

ይህን ሁለተኛ ላይ ያደረግሁት ብዙ ስለምለው ነው፤ ለራሴም የማልረሳው ነውር ስላለበት ነው።

ሱቄ ውስጥ ዊንዶውስና ኦፊስ እጭን ነበር። ለፈቃዱ የሚከፈለውን ገንዘብ ማን ይከፍላል? በክራክ፣ ማለትም ያለ ክፍያ ፈቃዱን በሚሰብር ፕሮግራም፣ ነበር የምጭነው። ክራኩ በሚቀመጥበት ፎልደር ውስጥ አንዲት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ትኖራለች። የመጀመሪያዋ መስመር ሁልጊዜ አንድ ናት፦ መጀመሪያ አንቲቫይረስህን አጥፋ። እኔም አጠፋለሁ፣ ክራኩን አሠራለሁ፣ «አክቲቬት ሆኗል» ብዬ ብሬን እቀበላለሁ። ዘበኛውን ደግሞ መልሼ የማስነሳውን ጊዜ ቁጠር ብትዪኝ አፍራለሁ፤ ብዙዎቹን ጠፍቶ ነው ያስረከብኳቸው።

አንድ ቀን፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚረከብበት ሰሞን፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልሎ መጣ። ከፈትኩት። ፎልደሮቹ ስማቸው አለ፣ የፋይሎቹ ስምም አለ፤ ግን የእያንዳንዱ ስም ጫፍ ላይ አራት የማላውቃቸው ፊደላት ተቀጥለዋል። ዎርዱም፣ ፎቶውም፣ የእናቱ ተዝካር ቪዲዮም። አንዱም አይከፈትም። በየፎልደሩ አንድ ደብዳቤ ተቀምጧል፦ ፋይልህን ቆልፈነዋል፣ ቁልፉ 980 ዶላር ነው፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከጻፍክልን በግማሽ እንለቅልሃለን፣ 490 ዶላር። የዋጋ ቅናሹ ነው ያናደደኝ፤ የገበያ ነጋዴ መስለዋል።

ያ ስቶፕ የሚባለው ቆላፊ ቫይረስ ነበር። በዋናነት የሚዛመተው በክራክ ነው። ልጁን «ምን ጭነህ ነበር?» ስለው ዓይኔን አየኝና «ኦፊሱን የጫኑልኝ እርስዎ ነዎት፤ ከዚያ ወዲህ እኔም አንድ ሁለት ነገር ጨምሬያለሁ» አለኝ። የቆለፈው የኔ ክራክ ይሁን የሱ አላወቅሁም። ዘበኛውን ያስተኛሁት ግን እኔ መሆኔን አውቃለሁ። ኤምሲሶፍት የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የዚህን ቫይረስ 148 ዓይነቶች የሚፈታ መሣሪያ በነፃ አውጥቶ ስለነበር ሞከርኩት። የልጁ ከዚያ በኋላ የመጣ ዓይነት ነው፤ ቁልፉ ሌቦቹ ዘንድ ብቻ ነበር። ከጽሑፉ የዳነው ለአማካሪው በኢሜይል ልኮት የነበረው ሁለት ምዕራፍ ነው። ሌላውን እንደገና ጻፈው። ብር አልተቀበልኩትም፤ እሱም አልመረቀኝም።

ከዚያ ወዲህ ክራክ አልጫንኩም፤ ገቢዬም ቀነሰ። አንቺ ከዚህ ውስጥ አንዱም አያስፈልግሽም። ለመጻፍና ለሒሳብ ሠንጠረዥ ሊብሬ ኦፊስ ነፃ ነው፣ የዎርድንም ፋይል ይከፍታል። ለአማርኛ ፊደል ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ካልተመቸሽ ኪማን የሚባለውን በነፃ አውርጂ። የግዕዝ መጻፊያ ነው እየተባለ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረውን ኮፒ ግን ተዪው። ስንት የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር በሱ ተበላሽቶ እንዳየሁ ብነግርሽ አትጨርሺውም።

ሻጩ «ኦሪጅናል» ያለሽም አንቲቫይረስ እንደዚያው ነው። በስምንት መቶ ብር የሚሸጠው አንድ ቁልፍ ለመቶ ሰው ሲታደል የኖረ፣ ወይም ክራክ የተደረገ ይሆናል። አንቲቫይረስ በክራክ መጫን ማለት ዘበኛ ከሌባ መንደር መቅጠር ነው። ሲገርመኝ ይኖራል፤ ይህን የማይሠራ ሱቅ በኛ ከተማ ጥቂት ነው፤ የኔም ሱቅ ከሚሠሩት አንዱ ነበር።

3ኛ። ፍላሽሽን እንደ ጥርስ ብሩሽሽ ቁጠሪው።

ከፎቶ ኮፒ ቤት ስትመለሺ ፍላሽሽን ሰክተሽ «ፎልደሮቼ ሾርትከት ሆኑ» ብለሽ የደወልሺልኝን ታስታውሻለሽ? ሾርትከት ቫይረስ የምንለው እንዲህ ይሠራል። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ፍላሽ ሲሰካ ይጠብቃል። እንደተሰካ ራሱን ይገለብጥበታል፤ ከዚያ ያንቺን እውነተኛ ፎልደሮች ይደብቃቸውና በየቦታቸው በስማቸው ሾርትከት ያስቀምጣል። «አሳይመንት» የሚለውን ስትነኪ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል፦ መጀመሪያ ቫይረሱ ይነሳል፣ ቀጥሎ የተደበቀው ፎልደርሽ ይከፈትልሻል። ፋይልሽ ስለተከፈተ ምንም የተፈጠረ አይመስልሽም። ብልጠቱ እዚያ ላይ ነው። ሳታውቂው ለሚቀጥለው ፍላሽ አስተላልፈሻል።

ስለዚህ ከውጭ የመጣ ፍላሽ ስትሰኪ ዘለሽ አትክፈቺው። በቀኝ ክሊክ ስካን አድርጊው። ፎልደር መሆን የነበረበት ነገር ግርጌው ላይ ትንሽ ቀስት ካለው አትንኪው። የተደበቁትን አሳየኝ የሚለውን ምርጫ ብታበሪ እውነተኛዎቹ ፎልደሮች ደብዘዝ ብለው ብቅ ይላሉ፤ አልጠፉም። ብዙ ሰው «ፋይሌ ጠፋ» ብሎ ፍላሹን ፎርማት ሲያደርግ ያን ጊዜ ነው በእውነት የሚያጠፋው።

ለማተሚያ ሌላ ርካሽ ፍላሽ ያዢ። የሚታተመውን ፒዲኤፍ ብቻ ይዘሽበት ሂጂ፣ ስትመለሺ ፎርማት አድርጊው። ባለቤቱ ቴሌግራም ካለውማ ፍላሽም አያስፈልግም፤ ላኪለትና አትሞ ይስጥሽ።

4ኛ። አገራችን በዓለም አንደኛ የወጣችበትን ሰንጠረዥ እወቂው።

በሩጫ አይደለም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ስለ 2018 ባወጣው የደህንነት ሪፖርት ኮምፒውተሮች በወር በአማካይ ምን ያህሉ ጎጂ ፕሮግራም እንደሚገጥማቸው በየአገሩ ለክቶ ነበር። ኢትዮጵያ 26.33 በመቶ ይዛ ከሁሉ ላይ ተቀመጠች። ፓኪስታን ሁለተኛ ናት፣ 19 በመቶ ገደማ። አየርላንድና ጃፓን ከ2 በመቶ በታች ናቸው። በቆላፊ ቫይረስም፣ በኮምፒውተርሽ ጉልበት ለሌላ ሰው ዲጂታል ገንዘብ በሚቆፍረውም የዚያ ዓመት አንደኛ እኛው ነበርን።

ይህን ቁጥር ሰው ሁሉ ለማስፈራራት ይጠቅሰዋል፤ አንቲቫይረስ ሻጮችም ይወዱታል። እኔ ግን ሁለት ነገር አየሁበት። ቁጥሩን የቆጠረው ያው ዲፌንደርና የማይክሮሶፍት ጠባቂዎች ናቸው፤ ገጠመ ማለት ዘበኛው አየውና ሪፖርት አደረገ ማለት እንጂ ኮምፒውተሩ ተያዘ ማለት አይደለም። ስለዚህ ከአራት ኮምፒውተር አንዱ በር ላይ ሌባ መጥቶ ዘበኛው አይቶታል። ዘበኛው የተኛበት ኮምፒውተር፣ እኔ አጥፍቼ ያስረከብኳቸው ሁሉ፣ በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም።

ሁለተኛው ደግሞ ምክንያቱ ነው። አይሪሾቹ ከኛ የተሻለ አንቲቫይረስ ስላላቸው አይደለም፤ የምንጠቀመው አንድ ነው። እኛ ፊልሙን ከፍላሽ፣ ኦፊሱን ከክራክ፣ ዊንዶውሱን ከጎረቤት ሲዲ የምናገኝ ሰዎች ነን። ኢንተርኔቱ ውድና የሚቆራረጥ ስለሆነ አፕዴት እንዘጋለን። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ደግሞ ከተማው ሁሉ ወደ ፍላሽ ተመለሰ። ያን ጊዜ ሱቄ ውስጥ የተሰካውን ፍላሽ ብታዪ ቡሄ ጨፋሪ ነው የሚመስለው፤ ከቤት ቤት እየዞረ።

5ኛ። አፕዴቱን አትዝጊው።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 2017፣ በኛ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ዋናክራይ የተባለው ቆላፊ ቫይረስ ከ150 በላይ በሚሆኑ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተር ያዘ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰርዘው በሽተኛ መለሱ። የገባበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት የደፈነው መጋቢት 5 ቀን ነው፤ ሁለት ወር ቀድሞ። አፕዴቱን የተቀበለ ኮምፒውተር በዚያ ቀዳዳ አልተገባበትም። ተቀባዩ ምንም ጠቅ ሳያደርግ፣ ምንም ሳይከፍት ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ይተላለፍ ስለነበር ጥንቃቄ ብቻውን አያድንም ነበር።

ፓኬጅ ይበላል ትያለሽ፤ እውነት ነው፣ ይበላል። ግቢ ስትገቢ በዋይፋይ አውርጂ፣ ወይም የማታ ፓኬጅ ገዝተሽ ተኝተሽ ይውረድ። ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲጠፋ ዲፌንደር የሚያውቃቸውን አዳዲስ ቫይረሶች ዝርዝር ከማይክሮሶፍት ገጽ ለብቻው አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል፤ ከመቶ ሜጋባይት በላይ ነው፤ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ስታገኚ አስመጪ። ይህን በአፌ የምሰጥሽ ምክር ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ኢንተርኔቱ በተቋረጠ ጊዜ እኔም እንዲሁ ነበር የማደርገው።

አንድ ነገር ግን ሻጩን ጠይቂ፦ ዊንዶውሱ ስንት ነው? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ላፕቶፑ 11ን የሚችል ከሆነ አሳድጊው። የማይችል ከሆነ ሊኑክስ ሚንት እንጭንበታለን፣ እኔ ድንቼን የምመዘግብበት አሮጌ ኮምፒውተር በሱ ነው የሚሠራው።

6ኛ። አንቲቫይረስ ሰው አያውቅም።

የኛን ሰዎች ታሪክ ልንገርሽ፤ ከፈረንጅ ምሳሌ ይልቅ ይገባሻል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2013 ላይ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ኢትዮጵያውያን ላይ እንደተላከ ይፋ አደረገ። ማታለያው ፎቶ ነበር፤ የግንቦት 7 አመራሮች ፎቶ። ፎቶውን ለማየት የከፈተ ሰው ፎቶውን ያያል፤ ከኋላው ግን ኮምፒውተሩ ላይ ሰላይ ይቀመጣል፤ የሾርትከቱ ቫይረስ ዘዴ ራሱ ነው። በዚያው ዓመት፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 20 ቀን፣ ሁለት የኢሳት ቴሌቪዥን ሠራተኞች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተሞከረባቸው፤ በስካይፕ የመጣ ሰነድ የሚመስል ፋይል ነበር፤ ፕሮግራሙ ሚላን የነበረው የሃኪንግ ቲም ኩባንያ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ፕሮግራም ውጭ አገር ላሉ ፖለቲከኞችና ጋዜጠኞች መላኩ ታወቀ። እሱ የቪዲዮ ገጽ አስመስሎ «ይህን ለማየት አዶቤ ፍላሽ ማጫወቻህን አድስ» ይል ነበር።

እነዚህ ሰዎች ያልተማሩ አይደሉም። በውጭ አገር፣ ጥሩ ኮምፒውተር ላይ፣ ስለ ደህንነታቸው የሚጨነቁ ሰዎች ናቸው። ለመንግሥታት እየተሸጠ የሚሠራ ፕሮግራም አንቲቫይረሶች እንዳያውቁት ተደርጎ ነው የሚወጣው። የተገኘባቸውም ሲቲዝን ላብ ፋይሎቹን ስለመረመረ ነው። አንቺን እንዲህ የሚከታተልሽ የለም፣ አትፍሪ። መንገዱ ግን ለሁሉም አንድ ነው፦ የምትጓጊበትን ነገር ይዞ ይመጣል። ለነሱ የፖለቲካ ዜና ነበር፤ ላንቺ «የውጭ አገር ሙሉ ስኮላርሺፕ፣ ቅጹን ሞልተሽ ላኪ» ይሆናል።

ዊንዶውስ የፋይል ስም ጅራትን ይደብቃል፤ ይህ የማይክሮሶፍት የድሮ ስህተት ነው፣ እስከ ዛሬ አላስተካከሉትም። ስለዚህ የፒዲኤፍ ሥዕል ያለው፣ ስሙም ፒዲኤፍ የሚል፣ ከዚያ ኋላ ግን በኢኤክስኢ የሚያልቅ ፋይል ሰነድ መስሎ ይታይሻል። በፋይል መመልከቻው ላይ ቪው የሚለውን ከፍተሽ የፋይል ስም ጅራት አሳየኝ የሚለውን አብሪ። ስኮላርሺፕ በኢኤክስኢ አይመጣም።

ከባንክ ነኝ ብሎ ደውሎ ስልክሽ ላይ የመጣውን ቁጥር ንገሪኝ ለሚልሽ ደግሞ የትኛውም አንቲቫይረስ አፍሽን አይዘጋልሽም። እዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ ለእናትሽ ግን ንገሪያት።

7ኛ። ትልቁ ሁልጊዜ ጠንካራው አይደለም።

አንቲቫይረስ ኮምፒውተሩ ውስጥ የማይገባበት ክፍል የለም፤ ሁሉንም ፋይል ያነባል። እንዲህ ያለ ሥልጣን የምትሰጪውን ማወቅ አለብሽ። አቫስት የሚባለው በነፃ የሚታደለው የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት አሰሳ ጃምፕሾት በሚባል ቅርንጫፉ በኩል ሲሸጥ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2020 ቅርንጫፉን ዘጋ፤ በ2024 ደግሞ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አደረገው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የሚባለው የትልልቅ ድርጅቶች ጠባቂ አንድ የተሳሳተ ማሻሻያ ልኮ 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተር በአንድ ቀን ሰማያዊ ስክሪን ላይ ጣለ፤ አውሮፕላኖች መሬት ቀሩ። ያን ቀን ቫይረስ አልነበረም፤ ዘበኛው ራሱ ነው በሩን የዘጋው።

«ጋሼ ሁሉን ነገር ወደ ጋፋት ያመጣዋል» እንደምትዪ አውቃለሁ፤ ግን አንዴ ታገሺኝ። ከቤቴ ትንሽ ራቅ ብሎ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ያስቀለጡበት ቦታ አለ። የሠሩት የአውሮፓ ሚስዮናውያን መድፍ ሠሪ አልነበሩም፤ ተገደው፣ እየሳቱና እየደገሙ ነው የሠሩት። ሥራው የሚደነቅ ነው፤ ልጅ ሆነሽ ስወስድሽ ነግሬሻለሁ። ግን ያን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ መንገድ እየጠረጉ፣ ሠራዊቱ በጠፍር እየጎተተው፣ ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጀ። ጦርነቱንም አልለወጠውም፤ ዛሬም መቅደላ ላይ ተቀምጧል። አራት ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕሽ ላይ ቪፒኤኑ፣ ማጽጃው፣ ማፍጠኛው ሁሉ ያለበትን ትልቁን የአንቲቫይረስ ጥቅል ስትጭኚ እንደዚያው ነው የሚጎተትብሽ። ዎርድ እስኪከፈት ቡና ታፈያለሽ።

ብዙ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ድርጅት፣ ብዙ ኮምፒውተር ያለው መሥሪያ ቤት የሚከፈልበትን ቢገዛ ትክክል ነው፤ ባለሙያ ተቀምጦ ሁሉንም ከአንድ ቦታ ያይበታል። አንቺ አንድ ላፕቶፕ ነው ያለሽ።

8ኛ። ስምንት መቶውን እንዲህ አድርጊው።

አንድ ጥሩ ፍላሽ ግዢ፤ ጨምረሽ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከቻልሽ የበለጠ ነው። የጎደለውን እኔ እሞላለሁ። በየሳምንቱ፣ ለምሳሌ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ፣ ጽሑፍሽንና ፎቶሽን ገልብጪበትና ንቀዪው። ንቀዪው ያልኩት እንዳይረሳሽ፤ ቆላፊ ቫይረስ የተሰካውንም አብሮ ይቆልፋል። ሳጥን ውስጥ የተቀመጠውን ግን አያገኘውም። ያ ተማሪ ይህን ቢያደርግ ኖሮ ላፕቶፑን ፎርማት አድርጌ በአንድ ሰዓት እመልስለት ነበር።

ስለ ፓስወርድ ደግሞ ለብቻው እጽፍልሻለሁ፤ የትውልድ ዓመትሽን እንዳትጠቀሚ ብቻ ለጊዜው ይበቃል።

ለገበያ ስወጣ መናኸሪያው በር ላይ ላፕቶፑን ይዘሽ ጠብቂኝ፤ አብረን እናየዋለን። ፍላሽሽን ግን ቤት ተዪው።